መድኃኒቱን የዋጠው የጨርቅ ግመል

መጀመሪያ ሳል ነበር። ከድሬዳዋ ስደት ወደ አገራችን ተመልሰን ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ሰፈር ያለውን የፈረሰ ቤታችንን እያሠራን ስለነበር፣ የስድስት ዓመቷ እህቴ ሂባቅ ስትስል "የሲሚንቶው አቧራ ነው" አልን። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አልን። ከዚያ ያልባት ጀመር። ከሳች። ኢትዮጵያ የተማረ ሐኪም ራጅ አስነሥቶ፣ "ቲቢ ነው። መድኃኒቱን ስድስት ወር ሳታቋርጥ ትዋጥ" አለ።

ማስዋጡ የእኔ ሥራ ሆነ። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። አንዲት ልጅ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋችው ግመል ነፍስ ዘርቶ ሲነሣ የሚያሳይ የሥዕል መጽሐፍ ነበረን። ሂባቅ "እንደሱ ስፊልኝ" ብትለኝ ከአሮጌ ሽርጥ ሰፋሁላት። ሳነብላት ግን ከራሴ ጨመርኩ፦ "መድኃኒቱን በየቀኑ ሲውጥ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ብድግ አለ!" ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነው። ክኒኑን እጇ ላይ አድርጌ ወደ ጉዳዬ እሮጣለሁ።

በሁለተኛው ወር ባሰባት። መቆም አቃታት።

ሐኪሙ ጠየቀኝ፦ "ከክኒኖቿ አንዱ ሪፋምፒሲን ነው፤ እሱን የሚውጥ ሰው ሽንቱ ይቀላል። የእሷስ?"

አልቀላም።

ቤት ገብቼ ፍራሿን በረበርኩ። ግመሉን አነሣሁት። ከበደኝ። ሆዱ ሥር ስፌቱ ተከፍቷል። ውስጡ የሳምንታት ክኒን።

"ተይው፣ አባዮ!" ብላ አለቀሰች፤ በሶማልኛ እህቴ ማለቷ ነው። "ሊነሣ ትንሽ ነው የቀረው!"

"ያ አላህ!" አለች እናቴ። "ግመል ነው እንዴ ስናክም የከረምነው?"



በማግስቱ ለሐኪሙ ውሸቴን ሳልደብቅ ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። "እንኳን ነገርሽኝ፤ ከመጀመሪያው እንጀምራለን" ብቻ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ፊት ለፊቷ እየተቀመጥኩ፣ ውኃውን እያቀበልኩ፣ ስትነጫነጭም እየቻልኩ አስዋጥኳት፤ ሽንቷ ቀልቶ ባየችበት ቀን ጎረቤት እስኪሰማ ጠራችኝ፣ ቀስ በቀስም ምግብ መጠየቅ፣ ከዚያ ግድግዳ ይዛ መሄድ፣ በመጨረሻም ከግንበኞቹ አሸዋ ላይ አልወርድም ብላ እናቴን ማስጮህ ጀመረች።

እኔን ሳያሳፍር እሷን ላዳናት ሐኪም አላህ ይስጥልኝ። ልጅ የምታስታምሙ ሁሉ፣ ለማባበል ብላችሁ አትዋሹ፤ ልጅ የሰማውን ያምናል። ክኒኑን ውጦ አፉን ከፍቶ እስኪያሳያችሁም ከፊቱ አትነሡ። እኔ የሰሰትኩት አምስት ደቂቃ እህቴን ሊያሳጣኝ ነበር።