ለሽልማት የጠቆምኩት ሰው ስልክ

ባለፈው ክረምት ነው። «ሎላን ዱፌ! ሎላን ዱፌ!» የሚል የሴት ጩኸት በስልክ ሰማሁ። በኦሮምኛ ጎርፍ መጣ ማለቷ ነው። ልጄ ሃና በዚያች ሰዓት ደረቁ ወንዝ መሃል ካሜራ ፊት ቆማለች። እዚያ ያቆማትም የእኔው ጥቆማ ነው። እስከ ዛሬ ስልክ በነዘረ ቁጥር ደረቴን እይዛለሁ።

ድሬን የሚያውቅ ያውቀዋል። እኛን ፀሐይ እያቃጠለን ደጋው ላይ ይዘንብና ጎርፉ ድንገት ይወርድብናል። እኛ ደግሞ ወንዙ ደረቅ ነው ብለን አሸዋው ላይ እንነግዳለን፤ ልጆችም ኳስ ይጫወቱበታል። ጎረቤቴ ጋሽ አብዲ ደጋ የምትኖር እህት አለችው። ዝናቡን አይታ ስትደውልለት ፊሽካውን እየነፋ ሰውን ሁሉ ከአሸዋው ያስወጣል። ማንም አልቀጠረውም። ካቻምና ሃናን ከጎርፍ ተሸክሞ ያወጣልኝ እሱ ነው።

ሬዲዮ ላይ «ለሀገር ሽልማት የሚገባውን ሰው ጠቁሙ» ሲሉ ሰማሁና ደወልኩ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ያየሁትን ለመናገር ግን ማን ብሎኝ! የሽልማቱ ሰዎች ወራት ቆይተው ሊቀርጹት ካሜራ ይዘው ከተፍ አሉ።

ጋሽ አብዲ ኮፍያውን እያስተካከለ «የሃና እናት፣ ሳልሞት ፎቶዬን ልታስለጥፊው ነው እንዴ አቦ!» ብሎ አሳቀን።

ቀራጩ፣ ጋሽ አብዲ እንደ ካቻምናው ሮጦ እንዲያነሳት ሃናን አሸዋው መሃል አቆማት። «ድምፅ እንዳይበላሽብኝ ስልካችሁን አርቁ» አለ።

«እህቴ ብትደውልስ?» አለ ጋሽ አብዲ።

«ሰማዩ እንዲህ ጠርቶ? ዛሬ እንኳን አርፈህ ተከበር!» አልኩት እኔ። የስልኩን ድምፅ አጥፍቶ ሰጠኝ። ጉያዬ ውስጥ ከትቼው ዳር ላይ ቆምኩ።

ነዘረ። ዝም አልኩት። ዘመድ እንኳን ደስ አለህ ሊለው መስሎኝ ነው። ደጋግሞ ሲነዝርብኝ ግን አላስችል አለኝና አነሳሁት። እህቱ ናት።

«ጋሽ አብዲ! ሎላ! ሎላ!» ብዬ ጮህኩ። ቀራጩ ትወና የያዝኩ መስሎት «በጣም ጥሩ፣ ድገሚው!» አይለኝም!

ጋሽ አብዲ ግን የእውነት ጩኸት መሆኑን ለየ። ፊሽካውን ጎረሰ፤ ሃናን ትከሻው ላይ ጣላት፤ ቀራጩን በኮሌታው ያዘና እየጎተተ ሮጠ። ፊሽካውን የሰሙ ነጋዴዎች ዕቃቸውን እየጣሉ ወጡ። እኔ ልወርድ ስል አንዲት ጫት ሻጭ ቀሚሴን ጨምድዳ «አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?» ብላ ወደ ኋላ ጎተተችኝ።

እነሱ ዳር ወጥተው ትንፋሽ እንኳን ሳይስቡ ድምፁ መጣ። ቀይ ውሃ፣ ግንዱንም ጎማውንም እየገፋ። የካሜራውን መቆሚያ እያየነው ይዞት ሄደ።

ቀራጩ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጋሽ አብዲ እያለከለከ «እህስ፣ ይደገም?» አለው። ከዚያ ስልኩን ከእኔ ተቀብሎ ለእህቱ ደወለና ሁሉም ወጥቷል አላት።

ሽልማቱን ይስጡት አይስጡት እስካሁን አልሰማንም። እኔ በመጠቆሜ አልጸጸትም፤ ዛሬም ጠይቁኝ፣ እሱኑ ነው የምጠቁመው። ስልኩን ግን ሁለተኛ ከእጁ አልቀበልም።

ያን ቀን ሃናን ከራሷ እስከ እግሯ ዳበስኳት። ጫማዋ እንኳን አልረጠበም። «እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?» ትለኛለች። «አላመመኝም ልጄ፣ ዳር ደርሰናል፣ ተርፈናል» አልኳት።