ሸ፣ ሹ ብዬ የሺን የጠራሁበት ዓመት

ሕመሜን ከማውራቴ በፊት ማን እንደ ነበርሁ መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ ምን እንዳጣሁ አንባቢ አይገባውም። አሥር አለቃ በላይነህ እባላለሁ። የተወለድሁት ቁንዝላ ነው፤ ዳዊት የደገምሁትም እዚያው ነው። ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ ሰው የለም። እንግሊዝኛውን ኮርያ በዘመትሁ ጊዜ የቆርቆሮ ምግብ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበብሁ ጀመርሁት፣ ሒሳቡን ከመጽሐፍ ብቻዬን ለቀምሁት፣ የመንግሥቱን ፈተና አንድ ቀን ክፍል ሳልገባ በግሌ ተፈትኜ አለፍሁ። ባሕር ዳር ስድስተኛ ክፍል ሳስተምር ድምፄ የትምህርት ቤቱን አጥር አልፎ ሐይቁ ዳር ደንገል ከሚያጭዱ ሰዎች ዘንድ ይደርስ ነበር። ይህን እኔ አልፈጠርሁትም። ማታ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ «መምህር፣ ዛሬ ክፍልፋይ ነበር መሰለኝ፤ ሁለት ሦስተኛው አልገባንም» ይሉኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ወጣቶች እግር ኳስ አሠለጥን ነበር። የጎንደርን ቡድን በገዛ ሜዳው ያሸነፍነው በእኔ አሠልጣኝነት ነው። በደርግ ጊዜ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ደግሞ ቀበሌያችን ውስጥ ፊደል ያላስቆጠርሁት አዋቂ አልነበረም። ባለቤቴ የሺም ተማሪዬ ነበረች። ሸን ከሰ ለመለየት ሁለት ሳምንት ፈጅታብኛለች።

እንግዲህ ሀብቴ ድምፄ ነበር። የታመመውም እሱ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት በፊሽካ መጣ። ግንቦት ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሜዳው ላይ ልምምድ ለማስጀመር ፊሽካዬን ብነፋ አልጮኽ አለኝ። አየሩ በቀኝ በኩል በከንፈሬ ጥግ ሾልኮ ይወጣል። ፊሽካው ተበላሽቷል ብዬ ለቡድኑ አምበል ለደሳለኝ ሰጠሁት። ደሳለኝ አናጢ ነው፤ ነገር አገላብጦ ማየት ይወዳል። ፊሽካውን አየው፣ ነፋው፣ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ፊሽካው ደህና ነው» አለኝ። «የጠመመው አፍዎ ነው።»

«ምች ነው» አልሁት። ምላሴ ተሳስሮ «ምስ ነው» የሚል ነገር ወጣ።

«ሐኪም ቤት እንሂዳ።»

«ምችን ሐኪም አያውቀውም።»

እርግጠኛ ነበርሁ። ምሳዬን በልቼ ወዲያው ፀሐይ ውስጥ ገብቻለሁ፤ ምች የሚመታው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ስለ ምች አመታት ተጫዋቾቹን ሰብስቤ በዚያው በተጣመመ አፌ ገለጻ ሁሉ ሰጥቻለሁ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ሳላሳንስ የጻፍሁት እናንተ እንዳትደግሙት ነው።

ቤት ስገባ የሺ ዳማከሴ በጥሳ በመዳፏ አሸችልኝ። ጭማቂውን በአፍንጫዬ ሳብሁ፣ ግንባሬን ታሸሁ፣ ተሸፋፍኜ አላበኝ። ውኃ ስትሰጠኝ ጣሳውን በግራ እጄ ተቀበልሁ።

«ቀኝህስ?» አለችኝ።

«ደክሞት ነው።»

«አንተ ሰውዬ መቼም ሁሉን ታውቃለህ» አለች። «እጅህ ግን ዛሬ ያወቀህ አልመሰለኝም።»

ተሸፋፍኜ ተኛሁ።

ጠዋት ነቃሁ። ልነሣ አልሁ። ቀኝ ጎኔ አልመጣም። እግሬን አየሁት። የሌላ ሰው እግር ይመስላል። የሺን ልጠራ አፌን ከፈትሁ። ድምፅ ወጣ። ቃል አልነበረም። ደግሜ ሞከርሁ። ያው ነው። የሺ በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ። አላለቀሰችም። ነጠላዋን አሸርጣ ወጣች። ደሳለኝና ሦስት ተከላካዮቼ ቃሬዛ ይዘው መጡ።

ሆስፒታል የተቀበለን ወጣት ሐኪም ነው፤ ዶክተር ሰሎሞን ይባላል። ክንዴን አሥሮ ለካኝ። በድጋሚ ለካኝ።

«ይሄ ምች አይደለም፤ ስትሮክ ነው» አለ። «የደም ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል። ወደ ግራ አንጎልዎ የሚሄደው ደም ተቋርጧል። መቼ ጀመረው?»

«ትናንት ከሰዓት» አለች የሺ።

ሐኪሙ ካርዴ ላይ ጻፈው። «ትናንት መምጣት ነበረባችሁ።»

ቀጥሎ እስክርቢቶውን ከኪሱ አውጥቶ ዓይኔ ፊት ያዘው። ይሄ ምንድን ነው አለኝ። አውቀዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ይዤዋለሁ። ስሙ በፊደል ተጽፎ ዓይነ ልቡናዬ ላይ ይታየኛል። አፌ «ባባ» አለ። በግራ እጄ ልጽፈው ሞከርሁ። ጭረት ብቻ ሆነ።

«አፌዝያ ይባላል» አለ ዶክተሩ። «የሚነገርዎ ይገባዎታል። ቃሉ ነው ወደ አፍዎ መውጫ ያጣ። ከንግግርዎ ምን ያህሉ እንደሚመለስ አላውቅም። አውቃለሁ ብል እዋሻለሁ።»

ለግፊቱ ሜቲልዶፓ የሚባል ኪኒን ተሰጠኝ፣ ጨው ተከለከልሁ፣ ለእጅና ለእግሬ ፊዚዮቴራፒ ተጀመረልኝ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ቤት ተመለስሁ። ተከትሎኝ ከትምህርት ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ትምህርት ሳይከፈት በፊት ከሕክምና ቦርድ ቀርቤ ማስተማር መቻሌ እንዲታይ፣ ካልቻልሁ በጡረታ እንድሰናበት ይላል። ደብዳቤውን ያነበበችልኝ የሺ ናት። ፊደሉን እየለቀመች፣ ቀስ እያለች። እኔ ያስተማርኋት ንባብ ነው።

በዚያው ሰሞን የንስሐ አባቴ ቄስ አድማሱ ሊጠይቁኝ መጡ። ጸልየው ሲጨርሱ አቡነ ዘበሰማያትን ጀመሩ። እኔም ጀመርሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በግእዙ፣ አንድ ቃል ሳልስት አደረስሁት። የሺ እልል አለች። ጎረቤት ተሰበሰበ። እኔ ግን አሜን ብዬ ውኃ ልጠይቅ ብሞክር፣ ያው «ባባ» ሆነ። እልልታው ቆመ።

ዶክተር ሰሎሞን ሲነገረው አልተገረመም። «በቃል ተጠንቶ የተሸመደደ ነገር አንዳንዴ ሳይነካ ይቀራል» አለ። «ጸሎት፣ ዘፈን፣ ቁጥር። በራሱ ይፈሳል። እርስዎ ግን ሊያዙት አይችሉም።» እውነቱን ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ሊጠይቀኝ ሲገባ እጄን አንሥቼ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ብዬዋለሁ። ጥርት አድርጌ። ሰውዬው ደስ ብሎት ሄደ፤ ያሰብሁት «ተቀመጥ» ለማለት ነበር።

ሊያዙት አይችሉም ያለው አልዋጥልህ አለኝ። ማንም ሳያስተምረኝ እንግሊዝኛን ከቆርቆሮ የለቀምሁ ሰው ነኝ። ሌላ በቃሌ የማውቀው ምን አለኝ ብዬ አሰብሁ። ፊደል አለኝ። ሀ ሁ ሂ ብዬ ጀመርሁ፤ እስከ መጨረሻው ፈሰሰልኝ። እንግዲህ ቃሉ የተጻፈበት ፊደል ከታየኝ፣ የፊደሉን ቤት ከሥሩ ጀምሬ ልሂድና የምፈልገው ላይ ስደርስ ልቁም አልሁ። መሄዱ ቀላል ነው። የሚከብደው መቆሙ ነው፤ ምላስ የለመደችውን ካልጨረሰች አታርፍም።

አንድ እሑድ ጠዋት ደሳለኝና የጥንት የጦር ጓዴ ሃምሳ አለቃ ተገኘ አጠገቤ ተቀምጠዋል። የሺ ሾርባ ይዛ ገባች። ልጠራት ፈለግሁ።

«የ» አልሁ። «ሸ፣ ሹ…» ትንፋሼ አለቀ።

ተገኘ ብድግ አለ። «ሰማችሁ? ሸሹ አለ። ጠላት ሸሹ እያለ ነው። በላይነህ አሁንም ኮርያ ነው ያለው። እውነትህን ነው ወንድሜ፣ ሸሽተዋል፤ እኔም እዚያው ነበርሁ።»

«የኛን ተከላካዮች ይሆናል የሚለው» አለ ደሳለኝ። «ባለፈው ጨዋታ ኳሷን አይተው ነው የሸሹት።»

ሁለቱም ይስቃሉ። ደሜ ፈላ። ዝም በሉ የሚለው ቃል ሩቅ ነበር። እንደ ገና ጀመርሁ።

«የ። ሸ፣ ሹ፣ ሺ።» ቆምሁ።

የሺ ሾርባውን አስቀመጠች። «እስቲ ቆዩ» አለች። «ፊደል እየቆጠረ እኮ ነው። ሸ፣ ሹ፣ ሺ። የ፣ ሺ። እኔን ነው የጠራኝ።»

ተገኘ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

«አቤት» አለችኝ። «ምን ላምጣልህ?»

ውኃ ነበር የፈለግሁት። ወ፣ ዉ፣ ዊ፣ ዋ፣ ዌ፣ ው ብዬ ቆምሁ፤ ኀ፣ ኁ፣ ኂ፣ ኃ ብዬ ቆምሁ። የፈለግሁት ገና ስጀምር ገብቷታል፤ ጣሳውን ሞልታ ይዛዋለች። ግን እስክጨርስ ቆማ ጠበቀችኝ። ጨርሼ ነው የሰጠችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክረምቱን ሙሉ የሺ አስተማሪ እኔ ተማሪ ሆንን፤ ጭካኔዋም እኔ በሷ ላይ ከነበረኝ የባሰ ነበር፤ ስሙን ያልጠራሁትን ምግብ አታቀርብልኝም። ሽሮ ሩቅ አገር መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ለሽ ስድስት፣ ለሮ ሰባት፣ በጠቅላላው አሥራ ሦስት እርምጃ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ቀን አጠር ያለውን ዳቦን እመርጥ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ በከዘራ እየተደገፍሁ፣ ደሳለኝ በቀኜ እየሄደ፣ ከሰፈራችን ከግሽ ዓባይ እስከ ሐይቁ ዳር እንወርዳለን፤ እዚያ ታንኳ ሲገባና ሲወጣ እያየሁ የማየውን ሁሉ በየፊደሉ ቤት እየወጣሁ ስም እሰጠዋለሁ። ሐምሌ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምቆጥረው ፊደል ወደ ሹክሹክታ ወረደ፤ ነሐሴ ላይ ሹክሹክታውም ቀርቶ በግራ እጄ ጣቶች ጭኔ ላይ መታ መታ እያደረግሁ በልቤ የምሄደው ሆነ፤ ሰው የሚሰማው የቆምሁበትን ብቻ ነው።

ጳጉሜን ላይ ቦርዱ ተሰበሰበ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ዶክተር ሰሎሞን፣ የትምህርት ቢሮ ሰውና አንድ ካድሬ።

«ጓድ መምህር፣ እስቲ ይናገሩ» አለኝ ካድሬው።

ኢትዮጵያ ትቅደም ብዬ ጀመርሁና ስብሰባ ላይ የሚባለውን ሁሉ ተከታትዬ ዘረገፍሁት።

«ምን ሆነዋል ታዲያ?» አለ ካድሬው። «ከእኔ ይሻላሉ።»

እፎይ ልል ነው። ዶክተር ሰሎሞን እጁን አነሣ። «ጓድ፣ ይሄ በቃል የሚያውቁት ነው። በራሱ የሚወጣ። ጋሼ በላይነህ፣ ዛሬ ሲመጡ መንገድ ላይ ምን አዩ?»

ያን ጊዜ ጠላሁት። ጣቴ ጭኔን መታ። ሦስቱም ጠበቁ።

«ታንኳ» አልሁ። «አየሁ። እንጨት፣ ጭኗል። ከቁንዝላ። አገሬ ነው።»

«ጣትዎን ለምን ይቆጥራሉ?» አለ ካድሬው።

«ፊደል፣ እየፈለግሁ ነው።»

የትምህርት ቢሮው ሰው ወረቀቱን አገላበጠ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ስድስተኛ ክፍል አይሆንም» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ቃል እስኪወጣ ቆሞ የሚጠብቅ ተማሪ የት ይገኛል?»

ጣቴ እንደ ገና መታ። በሕይወቴ እንደዚያ የሮጥሁበት ጊዜ የለም፤ የጎንደሩም ጨዋታ፣ ኮርያም አልነበረም።

«አንደኛ ክፍል» አልሁ። «ይጠብቃል። እነሱም፣ እየፈለጉ ነው።»

ዶክተር ሰሎሞን ወደ መስኮቱ ዞረ። ካድሬው የትምህርት ቢሮውን ሰው አየው። ለአንድ ወሰነ ትምህርት እንዲሞከር ተፈረመ። መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ገባሁ። ሰሌዳው ላይ ሀ ብዬ በግራ እጄ ጻፍሁ፤ ልጆቹ ሀ አሉ። ቀስ ስል ቀስ አሉ፤ ስቆም ቆሙ። ለገና ፊደል ያልጨረሰ ልጅ እኔ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ሌላው አንደኛ ክፍል ገና መ ላይ ነበር። ሙከራ የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ ያነሣብኝ የለም።

አሁን ለታመማችሁና ለምታስታምሙ። አፍ ከጠመመ፣ ክንድ ከዛለ፣ ምላስ ከተሳሰረ፣ ከሦስቱ አንዱ ይበቃል፤ ምች ነው አትበሉ፣ ዳማከሴውን ተዉትና በዚያችው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂዱ። የግፊት ኪኒን ደህና ነኝ ተብሎ አይተውም። እኔ አንድ ጊዜ ድኛለሁ ብዬ ትቼው ዶክተሩ እንደ ልጅ ተቆጥቶኛል። በሽተኛው በቃሉ የሚያውቀውን ፈልጉለት፤ ዳዊት ይሁን፣ ዘፈን ይሁን፣ የማባዣ ሠንጠረዥ ይሁን፣ በዚያ በኩል በር ሊኖር ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቃሉን ቀድማችሁ አትጨርሱለት። ጣሳውን ይዛችሁ ቁሙ።

ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ጥያቄውን ያላቀለለልኝን ዶክተር ሰሎሞንን፣ ቃሬዛውን የተሸከሙትን ተከላካዮች፣ ኮርያ ነው ያለው ብሎ ቢስቅብኝም አንድ እሑድ ያልቀረውን ተገኘንም አመሰግናለሁ።

ይህን ስጽፍ ሰማንያ ዓመት አልፎኛል። ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን ልንገራችሁ። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። በግራ እጅ መጻፍ ተምሬ ከድሮው የቀኝ ጽሑፌ የሚያምር ሠርቻለሁ፤ ይህም መጽሐፍ በሱ የተጻፈ ነው። ቡድኑን አራት ዓመት ያለ ፊሽካ፣ በጭብጨባ አሠልጥኛለሁ። በጀልባ ቁንዝላ ሄጄ ለወላጆቼ መቃብር አጥር አሠርቻለሁ። በተገኘ ቀብር ላይ ቆሜ የሕይወት ታሪኩን ሳላቋርጥ አንብቤያለሁ። ጣቴን ሳልመታ ስልክ አነጋግሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የሺ ወጥ ውስጥ ጨው ደብቃ ብትጨምር፣ የጨውን ጉዳት ከደም ግፊት ጀምሬ በአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር፣ ሳልቆም አስረዳኋት።

«ይሄን ሁሉ እንድትናገር ያስተማርሁህ እኔ ነኝ» አለችኝ።

መልስ አጣሁላት፤ ይሄኛው ግን በስትሮክ አይደለም።