ከአባቴ ጋር የተቀበረው ብራና

ሲያትል ታክሲ እነዳ በነበረበት ጊዜ ነው። ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው ሰፈር ጎረቤታችን የነበሩት መሪጌታ ጥበቡ ኮል አደረጉልኝና፣ «ልጄ፣ ስለ ጥንት ግብፆች ጽሑፍ የምትናገር ፕሮፌሰር አለች አሉ። ውሰደኝና ተርጉምልኝ» አሉኝ።

ሄድን። ፕሮፌሰሯ ከሬሳ ጋር ይቀበር የነበረ ጥቅልል በስክሪን ታሳያለች፤ እኔ በጆሯቸው እተረጉማለሁ። «ነፍስ መንገድ እንዳይጠፋት የሚጻፍ ጸሎት ነው። ግብፆቹ የጽሕፈት አምላካችን ደረሰው ይሉ ነበር፤ የሚጽፉት ግን ሰዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ አስቀድመው ይጽፉና የሟቹን ስም ቦታ ባዶ ይተዉታል። አንዳንዱ ስሙ ሳይሞላ ተቀብሯል።»

መሪጌታ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። «ስሙ ያልተጻፈለት ሰውዬ ነፍሱ ምን ሆነች? ጠይቅልኝ።»

ጠየቅኩላቸው። ፕሮፌሰሯ ፈገግ ብላ፣ «እሱን ማን ያውቃል?» አለች። እሳቸው ፈገግ አላሉም።

መኪና ውስጥ እንደገባን፣ «አባትህ ሲያርፍ ሳጥኑ ውስጥ የገባውን የጸሎት ብራና የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«አውቃለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«አታውቅም። ቀብሩ ተጣደፈና አዲስ ለመጻፍ ጊዜ አጣሁ። ለራሴ ጽፌ ያስቀመጥኩትን አወጣሁ። ስሜን ፍቄ የእሱን ልጽፍበት ነበር...»

«እና?» አልኩ ቁልፉን እንደያዝኩ።

እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ።

«በጥድፊያው ሳልፍቀው ሰጠኋችሁ፣ ልጄ። አባትህ የተቀበረው በእኔ ስም ነው።»