የፈረመ አብሮ ይውረድ

ሙጫ ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። አሥራ አንድ ዓመት ጋራዥ ዕቃ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ዘይት፣ ግሪስ፣ ቀለም፣ ቤንዚን የጠጣ ጨርቅ ስምግ ኖሬ አንድም ቀን "ኤጭ" ብዬ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ቱቦው ገና ሲከፈት ከሩቁ ሆዴ ይገለበጣል። ሰው ሲጠይቀኝ "ጨጓራዬ ነው" እላለሁ። ውሸቴን ነው። የወንድሜን ነገር ሳላወራችሁ ግን አይገባችሁም።

ወንድሜ የፍሬን መካኒክ ነው። እናትና አባታችን በልጅነቴ ስለሞቱ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ "ወንድምጋሼ" ነው የምለው። ጋራዥ ውስጥ ግን ስሙ "ጆሮ" ነበር። መኪና በበሩ ሲገባ ዓይኑን እንኳ ሳያነሳ "የኋላ ግራ፣ የፍሬን ሸራው አልቋል" ይላል። ጎማው ሲፈታ እውነትም ሸራው አልቆ ይገኛል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ሲበዛ ዝምተኛ፣ ሲበዛ ንፁህ። ፍሬን ከመንካቱ በፊት እጁን ይታጠባል፣ ነክቶ ይታጠባል፣ ሌላውን ሊነካ ሲል ደግሞ ይታጠባል። "አንተ ሰውዬ፣ ቀዶ ጥገና ነው እንዴ የምትሠራው?" እያሉ ይቀልዱበታል። "ቅባት ያለው እጅ ፍሬን ይነካል?" ይላል፤ አለቀ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ቤት ስንገባ እንኳ የሚያወራው ስለ ጫማዬ ነው። ተረከዙ አልቋል፣ ያንሸራትትሻል፣ ቀይሪው ይለኛል። ፍቅሩን የሚገልጸው እንዲያ ነው።

ጋራዡን ያቋቋሙት ሽማግሌ ካረፉ ቆይተዋል። ከበሩ በስተውስጥ ግድግዳው ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ በተንጋደደ ጽሕፈት በገዛ እጃቸው የጻፉት ሕግ ግን አሁንም አለ፤ "ፍሬኑ ደህና ነው ብሎ የፈረመ አብሮ ይውረድ" ይላል። ከበሩ እንደወጡ ቁልቁለት ነው፤ መጨረሻው አደባባይ። ፍሬን የሠራ ሰው የመኪናው የሥራ ካርድ ላይ ከፈረመ በኋላ ከባለመኪናው ጎን ተቀምጦ እስከ አደባባዩ ይወርድና በእግሩ ይመለሳል። ዝናብም ቢሆን፣ ሐሩርም ቢሆን። ወንድሜ ያን ዳገት ስንት ሺህ ጊዜ በእግሩ እንደወጣው እሱም አያውቀው። ደንበኞች በነገሩ ይስቃሉ፤ ግን ደስ ብሏቸው ነው የሚስቁት።

የአሁኑ ሥራ አስኪያጅ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ከጎማ ሱቅ ነው የመጣው። ቀኑን ሙሉ "ቶሎ ቶሎ!" ነው። መቼም "ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ" ይባል የለ፣ ሠራተኛው "ሰንበሌጥ" ብሎ ስም አወጣለት። ፊት ለፊት "እርስዎ" እንለዋለን፣ ዞር ሲል ሰንበሌጥ። እኔ ሁለመናው ይቀፈኛል። ሲያወራ የሰው ትከሻ ይዳብሳል። ሲስቅ አፉ ዳር ምራቅ ይጠራቀማል፤ እሱም አይጠርገውም።

አንድ ሰኞ ያቺ መኪና መጣች። ቢጫ፣ መሬት ልትልስ የደረሰች፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት የስፖርት መኪና። ባለመኪናው ወጣት ነው፤ ሲያዩት ትዕቢተኛ ይመስላል፣ ሲያናግሩት ትሑት ነው። "ጎማዎቹ ይቀየሩልኝ፣ ፍሬኑም ይታይልኝ። ረቡዕ እናቴን ላንሸራሽራት ቃል ገብቼላታለሁ" አለ።

የዚች መኪና የፍሬን ዲስክ እንደ ሌላው መኪና ብረት አይደለም፣ ሴራሚክ ነው። ወንድሜ እጁን ታጥቦ መጣና ጠርቶ አሳየኝ። እሱ ጠርቶ የሚያሳየኝ በዓመት አንዴ ነው። "ይኸውልሽ፣ አይዝግም፣ ሙቀት አይበግረውም። ጠርዙን የመቱት እንደሆነ ግን እንደ ስኒ ይሸረፋል" አለኝ። ለዚህ ብሎ በቶርኖ ያወጣቸው ሁለት ረጃጅም ዘንጎች አሉት። በቡሎን ቀዳዳዎቹ ያስገባቸውና ጎማውን በእነሱ ላይ እያንሸራተተ ያወጣል፣ እያንሸራተተ ያስገባል፤ ጎማው ዲስኩን ንክች አያደርገውም። ሲጨርስ በለስላሳ ጨርቅ ይጠቀልላቸዋል።

ማክሰኞ ከሰዓት ሦስቱ ጎማ ገብቶ የፊት ቀኙ ብቻ ቀረ። ወንድሜ እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ። ሰንበሌጥ ከመኪናዋ ጋር ፎቶ ሊነሳ ስልኩን ይዞ ከቢሮው ወጣ፤ አንድ ጎማ የጎደላት መኪና ደግሞ ለፎቶ አትመችም። "ይሄ እስካሁን አላለቀም? ቶሎ ቶሎ እንጂ!" አለና ዘንጎቹን ነቅሎ ወለሉ ላይ ወረወራቸው። "ጎማ ስሰቅል ነው ያደግሁት!" ብሎ ጎማውን በባዶ እጁ አነሳው። ከበደው፣ አዘነበለበት፣ አመለጠው። ቀጭ አለ። ትንሽ ድምፅ ናት፤ እኔ እንኳ ከመስኮቴ ሰማኋት። ወንድሜም ከቧንቧው ሰምቷት ኖሮ እጁ ውኃ እየተንጠባጠበ መጣ።

የዲስኩ ጠርዝ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ተሸርፋለች። ወንድሜ ባትሪ አብርቶ አየ፣ በጥፍሩ ዳበሰ፣ ደግሞ አየ። ከሽራፊዋ ተነስቶ እስከ መጀመሪያው የአየር ቀዳዳ የሚሄድ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበር።

"አበቃለት" አለ ወንድሜ። "ከጥንዱ ጋር ይቀየራል።"

"ከውጭ እስኪመጣ ሁለት ወር ነው! ሰውየው ነገ ነው የሚመጣው። ቶርኖ ላይ አስገፍፈው።"

"ይሄ በቶርኖ የሚገፈፍ ብረት አይደለም።"

"እንግዲያው ሙላዋ! ሙጫ ጠፋ?"

ወንድሜ ቀና ብሎ አየው። "ጥርስ መሰለህ እንዴ የሚሞላው? ቁልቁለቱ መሃል ሲግል ብትንትኑ ይወጣል።"

"ማን ያየዋል?"

"ነገ ለባለቤቱ እኔው እነግረዋለሁ።"

"ለደንበኛ የምነግረው እኔ ነኝ" አለ ሰንበሌጥ፣ ትከሻውንም ዳበሰው። ወንድሜ ትከሻውን አራገፈ።

ማምሻውን "ከከተማ ውጭ ፍሬኑ የያዘበት የጭነት መኪና አለ፣ ነገ በማለዳ ሂድለት" ተባለ። ከመኪናዋ ሊያርቀው መሆኑ ገባኝ። ወንድሜም ሳይገባው አልቀረም፤ ግን ሰው ፍሬን ይዞበት መንገድ ቆሟል ሲባል እምቢ የሚል አንጀት የለውም። ጠዋት በሩ ላይ ቆም አለና "አደራ፣ እኔ ሳልመለስ ያቺ መኪና እንዳትወጣ። ሰውየው ቢመጣ ንገሪው" አለኝ። በዕድሜዬ "አደራ" ብሎኝ አያውቅም። "እሺ አልኩህ እኮ፣ ሂድ!" አልኩት።

ሁለት ሰዓት ላይ ሰንበሌጥ የወጪ ማዘዣ ይዞ መስኮቴ ላይ ቆመ። ሙጫ፣ ባለ ሁለት ቱቦ፣ አንድ። ብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ።

"ለምንድን ነው?" አልኩት።

"የቢሮዬ ጠረጴዛ እግሩ ተነቃንቋል።"

እንደማውቅ ያውቃል፤ እንደሚያውቅ አውቃለሁ። "ውልሽ የሚታደሰው በዚህ ወር መጨረሻ ነው አይደል?" አለና ፈገግ አለ፣ ያ ምራቁ አፉ ዳር። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? እኔ ያልኩትን ልንገራችሁ። "እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ" አልኩት።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሙጫውን አዋሕዶ ሽራፊዋ ላይ ለደፈ። ቀጥሎ ያደረገውን ስናገረው አሁንም ይቀፈኛል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ አውራ ጣቱን ላሰና በምራቁ አለሳለሰው። ቱ! ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ የአሮጌ ባትሪ ድንጋይ ቀጥቅጦ ጥላሸቱን ቀባው። ያፏጫል ደግሞ። ጎማውን ሲያስገባ በወንድሜ ዘንጎች ተጠቀመ፤ ለዲስኩ ማዘን ያን ጊዜ መጣለት። ካርዱ ላይ "ፍሬን፦ ደህና" ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ባለመኪናው ከእናቱ ጋር መጣ። አጠር ያሉ አሮጊት ናቸው፤ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። "ይቺ ናት? ውይ፣ መሬት ላይ ነው እንዴ የምንቀመጠው?" ብለው ሳቁ። ልጃቸው ደግፎ አስገባቸው። "ዛሬ የፈረመ ሰው አብሮ አይወርድም?" ብሎ ጠየቀ፤ ሕጉን ሰምቷል። "ቦታ የታለ? እማማ ተቀመጡበታ!" አለ ሰንበሌጥና ከት ብሎ ሳቀ። ቀበቶው አልታሰር አላቸው። እኔን በመስኮቱ አዩኝና "የኔ ልጅ፣ እስቲ መጥተሽ እሰሪልኝ፣ ጣቴ እምቢ አለኝ" አሉኝ።

ወጣሁ። ይሄ ነው እስከ ዛሬ ያልገባኝ። ከዕቃ ክፍሌ እስከ መኪናዋ አሥር ርምጃ ነው፤ በአሥሩ ርምጃ "አይሂዱ" ማለት ይቻል ነበር። ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ሳሙና ሳሙና ይላሉ፤ እኔን የሚሸተኝ ግን ሙጫው ነው። ቀበቶውን ሳብኩት፣ ሰካሁት፣ ቀጭ አለ። "ሲወርዱ ቀይዋን መጫን ነው፣ እማማ" አልኳቸው።

"ተባረኪ፣ ክፉ አይንካሽ" አሉኝ። መረቁኝ እኮ!

ሞተሩ ተነሳ፣ በሩ ተከፈተ። ያን ጊዜ ወንድሜ ዳገቱን እየሮጠ ብቅ አለ። ለካ በተላከበት ቦታ ፍሬን የያዘበት መኪና ቀርቶ ጋሪም አልቆመም። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ያን ዳገት ሲሮጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መኪናዋ ፊት ቆሞ ሁለት እጁን ኮፈኑ ላይ ጫነ። ትንፋሹ እስኪመለስ ሁላችንም ጠበቅነው።

"ማነው የፈረመው?" አለ።

"እኔ ነኝ!" አለ ሰንበሌጥ። "ምን ሆነሃል አንተ፣ ደንበኛ ፊት?"

"የፈረመ አብሮ ይወርዳል። እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለአንድ አፍታ ይልቀቁለት። እሱ አደባባይ ደርሶ ይመለስና ከዚያ እርስዎ ይሄዳሉ።"

ባለመኪናው ጨዋታ መስሎት ሳቀ። "ይግቡ እንጂ!" አለው ለሰንበሌጥ።

ሰንበሌጥም ሳቀ። ሳቀና ሰዓቱን አየ። "ስብሰባ አለኝ" አለ። "ሁለት ደቂቃ ነው እኮ" አለው ልጁ። "ወገቤን ያመኛል፣ እንዲህ ዝቅ ያለ ወንበር አይስማማኝም" አለ። ቀጥሎ ስልኩን አውጥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈ፤ ስልኩ አልጮኸም። "ሃሎ፣ ሃሎ" እያለ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲል ጀርባው ያ ቀይ ጽሑፍ ካለበት ግድግዳ ጋር ተላተመ። ለአሮጊቷ የፈቀደውን ወንበር ለራሱ ፈራው። ይሄን ሰው ነው ሦስት ዓመት "እርስዎ" ስለው የኖርኩት!

ልጁ ሳቁን ተወ፣ ሞተሩንም አጠፋ። ወንድሜ የፊት ቀኙ ጎማ ጋ ተንበረከከ፣ በቸርኬው ክፍተት እጁን አሾልኮ የተለደፈችውን በጥፍሩ ፈንቀል አደረጋት። ምራቅ የነካው ሙጫ መች ይይዛል? እንደ ቁስል ቅርፊት ተነስታ መዳፉ ላይ ወደቀች። ለልጁ ሰጠው። ልጁ አሸተታት።

"ሙጫ ነው" አለ። "እናቴን እኮ ነው የጫንኳት…" ብሎ አልጨረሰውም።

ወንድሜ ዞሮ እኔን አየኝ። እዚያ ግቢ ሙጫ የሚወጣው ከአንድ መስኮት ብቻ ነው። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ በወደድኩ። ዘንጎቹን ከወለሉ ለቀመ፣ በጨርቁ ጠቀለላቸው፣ እጁን ሳይታጠብ በሩን ወጣ። አሁን የራሱ ትንሽ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የታክሲ ፍሬን ይሠራል፤ አሁንም ፈርሞ አብሮ ይወርዳል ይሉኛል። አንድ ቤት ነን፣ አንድ ገበታ እንቀርባለን። ስለ ጫማዬ ግን ከዚያ ወዲህ አንስቶ አያውቅም።

ያን ቀን እሱ ሲወጣ አሮጊቷ ገና እንደታሰሩ ነበሩ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ልጃቸውን ሳይሆን፣ ሰንበሌጥንም ሳይሆን፣ እኔን ነበር የሚያዩት።

"የኔ ልጅ፣ ታውቂ ነበር?" አሉኝ።

ዓይኔን ከእሳቸው ወደ ቀበቶው አሸሸሁ።

"በይ ፍቺኝ" አሉ።

ጎንበስ አልኩ። የሰካሁበት ቦታ ጠፋኝ፣ በጭናቸውና በወንበሩ መካከል ዳበስኩ፣ ዳበስኩ። አልተቆጡም። ጠበቁኝ።

"ቀይዋን መጫን ነው አላልሽኝም?" አሉኝ።