የፎም ድብዳብ

ነጩን ፎም የማያውቀው የለም። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ታሽጎበት የሚመጣው፣ ሲሰበር ጥቃቅን ፍሬ ሆኖ ቤቱን የሚሞላው። እንጅባራ ቴሌቪዥን እየጠገንኩ ስኖር ክምሩ ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም። ቤንዚን ውስጥ ስጨምረው እየፈላ ይሟሟል፤ በሚቀረው ሙጫ የጣሪያዬን የሚስማር ቀዳዳ ሁሉ ደፍኜበታለሁ። ብርዱን እንዲይዝልኝ ከፍራሼ ሥርም አንጥፌዋለሁ። ውሃ አያስገባም፣ አይከብድም እያልኩ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስሰብክ ነው የከረምኩት። አዋቂ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

አባቴ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። በእኛ አገር ፈረስ ያለው ሰው በጥር ወር የፈረሰኞች በዓል ላይ ካልጋለበ አበቃለት ይባላል። በዚያ ዓመት ጉልበታቸው እየከዳቸው «ዘንድሮ ጋልቤ ከዚያ ይብቃኝ» ብለው ነበር። ዳማ ፈረሳቸው ከኮርቻው ሥር የሚለብሰው የሱፍ ድብዳብ በላብ የገማ፣ ተጣጥፎ ተጣጥፎ መልኩ የጠፋ ነገር ነው። ሳቅኩበት። «ይህን ይዘው ሕዝብ ፊት ሊወጡ ነው?» አልኳቸውና ፎም ቆርጬ በአዲስ ጨርቅ ሰፋሁላቸው። አሮጌውን ተመልሰው እንዳያነሱት እሳት ውስጥ ከተትኩት።

አዲሱን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። «ላብ ይጠጣል?»

«ጠብታም አይጠጣም። ጥሩነቱ እሱ አይደል?»

ሌላ አልጠየቁም። ልጄ ያውቃል ብለው አመኑኝ።

ለበዓሉ ሲለማመዱ ሳምንት ሙሉ ጋለቡት። ፎሙ ላብ አይመጥም፣ ሙቀትም አያስወጣም፤ ያ ሁሉ ላብ የፈረሱ ቆዳ ላይ ሲፈላ ሰነበተ። ክብደት ሲጫነውም እንደ ስፖንጅ ተመልሶ አይነሳም፣ ይደቃል። ስባሪው በስፌቱ መሐል ሾልኮ ወጣ። ፈረሱ ኮርቻ ሲጫን ጆሮውን አስተኝቶ ሲወራጭ «ጠግቦ ነው» ያልኩት እኔው ነኝ። በሰባተኛው ቀን ኮርቻው ሲነሳ ድብዳቡ ከቆዳው ጋር ተልጦ መጣ። ጀርባው ገጥቧል፤ በቀዩ ሥጋ ውስጥ ነጫጭ ፍሬ ተሰግስጓል።

አባቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ለብ ያለ የጨው ውሃ አምጥተው እግሬ ሥር አስቀመጡና «አንድም እንዳይቀር፣ ልቀም» አሉ። እሳቸው ልጓሙን ያዙ፤ እኔ በጥፍሬ መልቀም ጀመርኩ። አንዷን ባወጣሁ ቁጥር ፈረሱ ከአንገቱ እስከ ጭራው ይንቀጠቀጣል። ሥጋው መበስበስ ጀምሯል፤ ያ ነገር ግን አይበሰብስም፣ እየደቀቀ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። ጀርባዬ ሲዝል ቀና አልኩ።

«ቀጥል» አሉኝ፣ ፊቴን ሳያዩ።

በበዓሉ ቀን በእግራቸው ሄደው ከሴቶቹና ከሕፃናቱ ጋር ቆመው አዩ። ቁስሉ ውሎ አድሮ ዳነ፤ ፈረሱ ግን ኮርቻ የያዘ ሰው ሲያይ የሚናከስ ሆነ። ኮርቻ የማይቀበል ፈረስ ለጋሪ ነው የሚሆነው። ተሸጦ ዳንግላ ወረደ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ሲያናግሩኝ መሬት መሬት ያያሉ።

ባለፈው ክረምት ለመለዋወጫ ዳንግላ ሄጄ ከመናኸሪያው ጋሪ ተሳፈርኩ። ዝናብ ሊጥል ነው፣ ፈረሱ ደግሞ አጥንቱ የወጣ ከሲታ ነው፣ አይሄድም። «ምታው እንጂ» አልኩት ባለጋሪውን። መታው። አለንጋው ያረፈበትን ጀርባ ያየሁት ያኔ ነው። በዳማው ቆዳ መሐል፣ እኔ በለቀምኩበት ቦታ ላይ፣ የበቀለው ፀጉር ነጭ ነበር። አወቅኩት። ዝናቡ ጀመረ፤ አልወረድኩም።

ስመለስ አባቴ፣ ዳንግላ ደርሶ የመጣውን ሰው ሁሉ የሚጠይቁትን እኔንም ጠየቁኝ።

«ዳማውን አየኸው?»

«አላየሁትም።»

«አንተም ካላየኸው እንግዲያ ሞቶ አርፏል» አሉና አማተቡ። ከዚያም ቀና ብለው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ፊቴን አዩኝ።