«ማል» የተጻፈባት የካርቶን ቁራጭ

አላህ ይዘንላቸውና፣ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ትኬት ይቆርጡ የነበሩት አጎቴ ኤስፔራንቶ የሚባለውን ቋንቋ የተማሩት አንድ ፈረንጅ ባቡር ላይ ረስቶት ከወረደው መጽሐፍ ነው። ቃላቱን በሲጋራ ካርቶን ቁራጮች ላይ ጽፈው ያስጠኑኝ ነበር። «ማል» የተጻፈባት ቁራጭ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ከየቃሉ ፊት ስለሚያስቀምጧት ጠርዟ ተበልቷል። «ቦና ማለት ጥሩ ነው። ይህችን ከፊቱ አድርጋት፤ ክፉ ሆነ» ይሉኛል።

በደርግ ጊዜ አንድ ጠዋት አብዮት ጠባቂዎች ቤታችንን ሲፈትሹ ካርቶኖቹን ምንጣፉ ላይ ዘረገፏቸው።

«ይሄ የማን ምስጢር ነው፣ አንተ ሽማግሌ?»

«ቋንቋ ነው ልጄ። ቁጭ በል፣ ላስተምርህ።»

አንደኛው ሳቀ። ሌላኛው ወደ እኔ ዞረ።

«እስቲ ቋንቋ ከሆነ አንተ አንብበው።»

ሁሉንም አውቃቸው ነበር። «አላውቀውም» አልኩ። አጎቴ ቀና ብለው አላዩኝም፤ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ፈለጉ። ከወሰዷቸው ወዲያ አልተመለሱም፤ አስከሬናቸውንም አላገኘንም።

በመስኮቱ ሥር ያለው ቦታቸው እስካሁን ባዶ ነው። እንግዳ ሊቀመጥበት ሲል እህታቸው እናቴ ትራስ ታስቀምጥበታለች። ያን ዕለት ምን እንዳልኩ አልነገርኳትም። በአዋሽ ከተማ ያ ጽሑፍ ቋንቋ መሆኑን ሊመሰክርላቸው የሚችል ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።