ተላጭቶ የቀረበው ሸምሱ

ሆሳዕና ውስጥ ፂም ከተባለ ሸምሱ ነበር። ከሌሞ በጋሪ የሚመጣ ገበሬ ፍርድ ቤት ወይ ሐኪም ቤት ከመግባቱ በፊት እሱ ጋ ጎራ ይላል። ሸምሱ ደግሞ ያልተላጨ ሰው ባለሥልጣን ፊት ሲቀርብ ማየት አይሆንለትም። «በዚህ ፂም ዳኛ ፊት ልትቆም? ወላሂ ይፈርድብሃል!» እያለ ጎትቶ ያስቀምጠዋል። የራሱን አገጭ ግን ሌላ ፀጉር አስተካካይ ነክቶት አያውቅም።

ከዚያ ይቺ የተረገመች በሽታ ቀኝ እጁን ያዘችው። ፓርኪንሰን ይሏታል። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ነበር የሚንቀጠቀጠው፤ ቆይቶ እጁ በሙሉ ሆነ። ኪኒን ሲውጥ ለጥቂት ሰዓት አደብ ይገዛል፣ ሲያልቅ ይብስበታል። ሰውስ መቼ ያፍራል! «ሸምሱ፣ ዛሬ ውጠሃል?» ብሎ ከበር ጠይቆ ነው የሚገባው። ምን ያለው ውርደት ነው!

ከተማው ለኮብልስቶን በተቆፈረበት ዓመት፣ ከውጭ የመጡ ሐኪሞች አዲስ አበባ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አንጎል ውስጥ አስገብተው በባትሪ መንቀጥቀጡን ያስታግሳሉ የሚል ወሬ ደረሰው። መሣሪያው የመጣው ለጥቂት ሰው ብቻ ነው። ሸምሱ ልጃቸውን ለይላን ለጎረቤት ትቶ ሚስቱን ሰዓዳን ይዞ ሄደ።

እንዳይንቀጠቀጥ በመርፌ አስተኝተው ኤም አር አይ አነሱት። ከእንግዶቹ ጋር የሚሠራው ዶክተር ዳኘ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳያቸው።

«አየህ ሸምሱ፣ ጭንቅላትህን ከፍተን ቦታ ፍለጋ አንገባም። መንገዱን የምናወጣው አስቀድመን ከዚህ ምስል ነው። ሽቦው የሚያርፈው እዚህች ጋ ነው፤ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ትንሽ ከሳትን እጅህን እናድናለን ስንል ንግግርህን እናበላሸዋለን።» አለና ቦታዋ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አደረገ።

ሸምሱ ሰውየውን ወደደው። በምላጭ የኖረ ሰው ነው፤ ትንሽ መሳት ምን እንደሆነ ማንም አይነግረውም።

«ነገ ጠዋት ደግሞ ያለ ኪኒን እናይሃለን» አለ ዶክተሩ። «መጀመሪያ እንቅጥቅጡን እናያለን፣ ከዚያ እዚሁ ስትውጥ ምን ያህል እንደሚሻልህ። ሽቦው ይጠቅምህ እንደሆነ የምናውቀው በዚህ ነው። የቀረን የአንድ ሰው ቦታ ነው፤ እንግዶቹም ነገ ማታ ይሄዳሉ። ከአሁን ጀምሮ ኪኒን እንዳትነካ!»

«ኧረ ምን በወጣኝ!» አለ ሸምሱ።

ጠዋት ባረፉበት ዘመድ ቤት መስታወት ፊት ቆመ። ፂሙ አገጩን አጥቁሮታል። ምላጩን አነሳ፤ ገና ከመጀመሩ ጉንጩን ቆረጠው።

«ከታች ፀጉር ቤት አለ፤ ሂድና ተላጭ» አለችው ሰዓዳ።

«እኔን? ሌላ ሰው ሊላጨኝ?» ብሎ ጮኸባት።

ትታው ቁርስ ልታቀራርብ ወጣች። ሸምሱ በሩን አየት አደረገና ግማሽ ኪኒን ዋጠ። ግማሽ ምን አላት ብሎ ነዋ! እጁ እስኪረጋለት ጠበቀና ተላጨ። አይ መላጨት! አገጩ እንደ ብርጭቆ ጠራ።

ሐኪሞቹ ፊት ሲደርስ «እጅህን ዘርጋ» አሉት። ዘረጋ። እጁ ንቅንቅ አላለም። ፈረንጁ ሐኪም ግንባሩን ቋጠረ።

«ውጠሃል?» አለው ዶክተር ዳኘ።

«ግማሽ ብቻ ነው፤ ለመላጨት ብዬ...»

«ለመላጨት! ምስሉ ቦታውን ነው የሚነግረን፤ ይጠቅምህ አይጠቅምህ የሚነግረን እጅህ ነው። ይህንንም ትናንት አስረድቼህ ነበር!»

«እንግዲያው ልጠብቅ። ይለቀኛል እኮ!»

«ጨርሶ እስኪወጣልህ እነሱ አውሮፕላን ላይ ናቸው።»

ቦታው እንደ እሱ ፊልም ተነስቶ፣ ኪኒን ሳይውጥ ከደጅ ወረፋ ይጠብቅ ለነበረ ሽማግሌ ተሰጠ። እየተንቀጠቀጠ ገባ፤ ፂሙ ደረቱ ላይ ተንጨባሯል።

ወደ ሆሳዕና በአውቶብስ ተመለሱ። ቡታጅራ ላይ ሰዓዳ ፈነዳች።

«የለይላ አባት፣ ለፂም? ጭንቅላትህን ሊከፍቱልህ ነበር እኮ! አገጭህን ማን አየው?»

ሸምሱ የጠራ አገጩን በመዳፉ ሸፈነ። 

አሁን ያ ፊልም የሸምሱ ፀጉር ቤት መስኮት ላይ ተለጥፏል፤ ብርሃን ሲያገኘው ጥርት ብሎ ይታያል። ባለፈው የጥንት ደንበኛው መምህር አበራ መጣ። ለመላጨት አይደለም፣ ለጨዋታ ነው።

«እና ሽቦው ሊገባ የነበረው የቱ ጋ ነው?»

«እዚህ ጋ» አለ ሸምሱ ጣቱን ዘርግቶ። ጣቱ ግን ፊልሙ ላይ ነጥቧን አልፋ ወደ ጆሮው ሄደች፣ ተመልሳ ወደ ዓይኑ። «እዚህ... ቆይ አንዴ... እዚህ ጋ...» መስታወቱ በጥፍሩ ይንኳኳል። መምህሩ ዓይኑን ሰበረ።

ምሳ ይዛ የመጣችው ሰዓዳ ሳህኑን ወንበር ላይ አስቀመጠችና የሸምሱን የእጅ አንጓ በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ይዛ፣ ጣቱን ነጥቧ ላይ አሳረፈችለት።

«እዚህ ጋ ነው» አለች። «ወላሂ፣ እዚችው ጋ ነበር።»